አጥሩ ላይ የነበረው ልጅ

ወይዘሮ አሰገደች ስለ ወንድሜ ሲያወሩ እኔ የምግብ ጠረጴዛቸው ወንበር ላይ ቆሜ የሳሎናቸውን መስኮት እለካ ነበር። ቤታቸው ቦሌ ዋናው መንገድ ዳር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ወርዱ ሦስት ሜትር ከአርባ፣ ቁመቱ ደግሞ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ሁለት ሜትር ከሰባ። እሳቸውና ጎረቤታቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ወደ ታች ያያሉ። ታች፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሕክምና ኮሌጁ አለ። አጥሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ስምንት ትልልቅ ባነሮች ተሰቅለዋል። በእያንዳንዱ ላይ የባህል ልብስ የለበሰ አንድ ተማሪ ቆሟል፤ ከሥሩ «ከሁሉም የአገራችን ጫፍ» የሚል ጽሑፍ አለው። ከግራ ሦስተኛው ወንድሜ ሚስባህ ነው። ወደዚህ ቤት ስገባ ዓይኔን ከአጥሩ አሽሽቼ ነበር የገባሁት፤ መስኮቱ ግን ፊት ለፊቱ አቆመኝ።

«ድሮኮ እዚህ የሚማሩትን ልጆች እናውቃቸው ነበር» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። «የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት ልጅ ይባላል። የኛዋም እዚሁ ነው የጨረሰችው። አሁን ይኸው፣ ከየት ከየት እያመጡ።»

«በኮታ ነዋ!» አለች ጎረቤታቸው። «አሁን ማን ነጥብ ያያል?»

«ያንን ረጅሙን አየሽው? ሸንተረር የለበሰውን። ከብዶት ትቶ አገሩ ገባ። የእህቴ ልጅ እዚያ መዝገብ ቤት ናት፣ አቋርጧል ብላኛለች። ምን ያድርግ፣ ባልለመደው። እነሱ ናቸው እንጂ ሄዶ እንኳ ፎቶውን የማያወርዱት።»

ሜትሩ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንቀጫቀጨ። ወይዘሮ አሰገደች ፈጥነው ገቡ። ክፉ ሴት አይደሉም። «ምነው የኔ እናት፣ ዞረብሽ እንዴ?» ብለው በገዛ እጃቸው ውሃ ቀድተው ሰጡኝ፣ ወንበሩንም ደግፈው ያዙልኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሞቷል ብላቸው ደረታቸውን ይዘው ይደነግጡ ነበር፣ ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር፣ ምናልባትም ያለቅሱልኝ ነበር። እኔ ግን ውሃውን ጠጥቼ አመሰገንኩ። የሰው ቤት መስኮት ሊለካ የገባ ሰው የቤቱን ወሬ እንዳልሰማ ሆኖ መውጣት አለበት፤ መጋረጃ ስሰፋ አስራ አንድ ዓመቴ ነው፣ እንደዚያ ነው የለመድኩት። «በዚህ በኩል ያለውን ወፍራም አድርጊልኝ» አሉኝ፤ «ፀሐዩም የመንገዱም ነገር ዓይን ያደክማል።» ደብተሬ ላይ «ሳሎን፣ ወፍራም» ብዬ ጻፍኩ። በሜትር ስምንት መቶ ሃምሳ አልኳቸው፣ ስምንት መቶ ይሁን አሉ፣ ይሁን አልኩ። ሌላ ቀን ቢሆን እከራከር ነበር።

አገሩ ገባ ያሉት ልጅ አገሩ ጉርድ ሾላ ነው። የተወለደውም ያደገውም እዚያው፣ ከአባቴ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። የአባቴን አገር ወራቤን የሚያውቃት ለዒድ ስንሄድ ብቻ ነበር፤ ስልጥኛ ሲሞክር አክስቶቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁበት ነበር። በኮታም አልገባም። የነፃ ትምህርቱን ፈተና ከተፈተኑት ሁሉ ሁለተኛ ነው የወጣው። የለበሰው ልብስ እንኳ የኛ አይደለም፣ የወላይታ ነው። ፎቶ ሊነሳ የነበረው የክፍል ጓደኛው እዝራ ነበር፤ ልብሱንም እናቱ ከሶዶ የላኩለት ነው። የዚያን ቀን ግን እዝራ ጥርሱን አሞት አንድ ጉንጩ እንደ ኳስ ተነፋ። ፎቶ አንሺው ደግሞ በሰዓት የተከራየ ነው። «አንተ ና፣ ቁመት አለህ» ብለው ሚስባህን አልብሰው አቆሙት። ማታ ቤት መጥቶ «ራህሚ፣ ዛሬ ወላይታ ሆኜ ዋልኩ እኮ። ከሁሉም የአገራችን ጫፍ ይላል። እኔ ከጉርድ ሾላ ጫፍ ነኝ!» ብሎ ሲስቅ አባቴ ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ በኋላ የኖረው አራት ወር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ያስጠና ነበር፤ ከዚያ ሲመለስ ሲኖትራክ ገጨው። ሰባት ወሩ።

እኛ ቤት የሞተ ሰው ፎቶ አይሰቀልም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናቴን ቀብረን በተመለስን ዕለት አባቴ የሰርጋቸውን ፎቶ ከግድግዳው አወረደ፤ ቦታው ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀረ። ለሚስባህም እንደዚያው አደረገ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ምረቃውን፣ የልጅነቱን፣ ለመታወቂያ የተነሳውን ጉርድ ፎቶ ሳይቀር ሰብስቦ፣ በፖስታ አሽጎ ወራቤ ላለችው አክስቴ ሰጣት። «ለሞተ ሰው የሚደርሰው ዱዓና ሰደቃ ነው» አለኝ፤ «ግድግዳ ላይ የምናስቀረው ለራሳችን ነው።» እኔ ስልኬ ውስጥ አሉኝ፣ ሱቄ ውስጥ ሰው ሲጠፋ አያቸዋለሁ። የአባቴ ስልክ ቁልፏን ተጭነው የሚደውሉባት ናት፣ ፎቶ የላትም። እራት ላይ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ እናወራለን፤ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ነው ሐሙስ እንባባላለን። የሚስባህ ወንበር እስካሁን እቦታው ነው። ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም አላነሳውም፣ ስሙንም የሚጠራው የለም። አባቴ ያንን ባነር ቢያይ ምን ይሆናል እያልኩ ስለምፈራ፣ የቦሌን መንገድ ለኮሪደር ልማቱ ሲቆፍሩት ጊዜ ምክንያት አገኘሁ። «አባ፣ በዚያ አትሂድ፣ ተቆፍሯል፤ ታክሲዎቹም እየዞሩ ነው» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ቁፋሮው ካለቀ ሦስት ወር ሆኖታል። አስፋልቱ ለስልሶ፣ አበባ ተተክሎ፣ ለመንገደኛ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበታል። እኔ አሁንም ተቆፍሯል እለዋለሁ፣ እሱም እሺ ይለኛል። ሱቁን ለአጎቴ ልጅ ለቆለት ከዙህር ሶላት በኋላ «ሰው ልጠይቅ» ብሎ ይወጣል፣ ለመግሪብ ይመለሳል። ማንን እንደሚጠይቅ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

ከወይዘሮ አሰገደች ቤት ወርጄ መንገዱን ተሻገርኩና ባነሩ ሥር ቆምኩ። ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ ያየሁት እንደ ባለሙያ ነው፤ ጠርዙ ተጣጥፎ በሙቀት የተበየደ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ የብረት ቀለበት ያለው፣ በናይለን ገመድ ከአጥሩ ጋር የታሰረ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሃያ የሚሆን ሸራ ነው። ሱሪውን የምሰፋለት እኔ ስለነበርኩ የሚስባህን ቁመት አውቀዋለሁ፤ ባነሩ ላይ ያለው ልጅ ከሱ ይበልጣል። የልብሱን ሸንተረር ፀሐይ በልቶት ቀዩ ወደ ብርቱካን ሄዷል። ፊቱ ግን አልደበዘዘም። ሳቁን ሊጀምር ሲል ነው ያነሱት። «ከብዶት ትቶ አገሩ ገባ» የሚለው እየተመላለሰ ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ ነበር። ወደ አምስተኛ ፎቅ ተመልሼ መናገር ያለብኝን ከመናገር፣ ይህን ሸራ ዛሬውኑ ማስወረድ ቀለለኝ።

በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ አቶ ጉግሳ ይባላሉ፣ ስማቸው ደረታቸው ላይ ተጽፏል። ማንን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ሚስባህ ሙራድ ስላቸው ከወንበራቸው ተነሱ፣ ኮፍያቸውንም አወለቁ። «እህቱ ነሽ? አላህ ይርሐመው። ሲገባም ሲወጣም ሳይጨብጠኝ አያልፍም ነበር።» ከዚያ ቦርሳዬን ሳይፈትሹ እያሳለፉኝ «አባትሽ ደህና ናቸው?» አሉኝ። ደህና ናቸው አልኩ። ለቀብሩ መጥተው ያዩት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ሚስባህ መጀመሪያ የተመዘገበ ዕለት አብሬው መጥቼ ነበር። ያኔ ግቢው ውስጥ የሚበዛው መኪና ነበር፤ ልጆቹም ሁሉ አንድ ቤት ያደጉ ይመስሉ ነበር፣ ጫማቸው አንድ፣ አነጋገራቸው አንድ። አሁን ሌላ ነው። ደረጃው ላይ ሦስት ልጆች በኦሮምኛ እየተሳሳቁ አንድ ሳህን ቺፕስ ይሻማሉ፤ አንዲት ልጅ ስልኳን ትከሻዋና ጆሮዋ መሀል ይዛ በትግርኛ እናቷን ታባብላለች፤ ሒጃብ የለበሱ ሁለት ልጆች ማንበቢያው በር ላይ ቆመው እንግሊዝኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ስለ ፈተና ይጨቃጨቃሉ። ደስ ይላል። ደስ ማለቱ ራሱ አመመኝ። ሚስባህ ሲገባ እንደሱ ያሉት ጥቂት ነበሩ፤ ሲበዙ አላየም።

የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ያገኘኋት ልጅ ብሩክታይት ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፣ ትሁት ናት። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ የአገሪቱ ካርታ ተሰቅሏል፤ በነፃ ትምህርት ለገባ ተማሪ ሁሉ ከመጣበት ቦታ ላይ ባለ ቀለም ራስ ስፒል ተሰክቷል። ወራቤ ላይ አንዲት አረንጓዴ ስፒል አየሁ። ሚስባህ እዚያ አንድም ጊዜ ከሳምንት በላይ አልኖረም። ስለ ባነሩ ስነግራት ኮምፒውተሯን ከፍታ ስሙን ጻፈች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። «ያቋረጠ ነው እኮ የሚለው» አለች። ሞቷል አልኳት። ለወይዘሮ አሰገደች ያልወጣልኝ ቃል እዚህ ወጣ። እጇን አፏ ላይ ጭና «በእግዚአብሔር፣ እኔ ሥራ የጀመርኩት ከሁለት ወር በፊት ነው፣ ማንም አልነገረኝም» አለች። ከዚያ እንዳይ ብላ ስክሪኑን አዞረችልኝ። ሲስተሙ ላይ ያሉት ምርጫዎች አራት ናቸው፤ በመማር ላይ ያለ፣ የተመረቀ፣ የተባረረ፣ ያቋረጠ። የሞተ የሚል የለም። ያኔ መዝገቡን የዘጋው ሰው ከአራቱ የቀረበውን መርጦ አልፏል። «አመለክታለሁ» አለችኝ፤ «ግን ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ካልሆኑ እኛ መጨመር አንችልም።»

ባነሩን ለማስወረድ ግን ደቂቃም አልፈጀባትም። ከመሳቢያዋ ፎርም አወጣች፣ «በቤተሰብ ጥያቄ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ቦታው ክፍት እንዳይሆን በሳምንቱ ሌላ ተማሪ እንደምታስነሳ ነገረችኝ፤ ልብሱም ያለ ስለሆነ ምናልባት ባለቤቱን እዝራን ራሱን። «ቤተሰቡ ግን በሙሉ ተስማምቷል አይደል?» አለችኝ እስክሪብቶውን ስትሰጠኝ።

«አባቴ የሞተ ሰው ፎቶ አይወድም» አልኳት።

እውነት ነው። ፈረምኩ። ዛሬ ይሁን አልኳት፤ ለጥገና ክፍል ደውላ ከምሳ በኋላ ይወርዳል አለችኝ።

እዝራን ያገኘሁት ከደረጃው ስወርድ ነው። ነጭ ጋውኑን ክንዱ ላይ አጥፎ ይዟል፤ ከሚስባህ በአንድ ጭንቅላት ያጥራል። የጴንጤ ልጅ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የለመደው አጠራር አይለቀውም፣ «እህት ራህማ!» ብሎ ሮጦ መጣ። የቀብሩ ዕለት ከኮሌጁ ወደ ሃያ ልጆች ይዞ የመጣው እሱ ነው። እንዴት መሆን እንዳለባቸው ስላላወቁ በሩ ላይ ተሰብስበው ቆሙ፤ ኋላ ሴቶቹ ልጆች ሳይጠሩ ገብተው ከአክስቶቼ ጋር ሳህን አጠቡ። አስከሬኑ ሊነሳ ሲል እዝራ አባቴ ዘንድ ቀርቦ «አባባ፣ እኔ መሸከም ይፈቀድልኛል?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ መልስ ሳይሰጥ እጁን ይዞ ወስዶ የቃሬዛውን እጀታ ትከሻው ላይ አደረገለት። ያን ቀን አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ካፊቴሪያው ውስጥ ልጆቹ በየመጡበት አገር ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጡ እንደነበር፣ ሚስባህ ግን በየቀኑ ጠረጴዛ እየቀያየረ «ዛሬ የማን እንግዳ ነኝ?» ይል እንደነበር እዝራ ነገረኝ። አሁን እሱ የጀመረው ነገር እንደለመደባቸው፣ ጠረጴዛዎቹ እየተቀላቀሉ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት።

«ዛሬውኑ?» አለኝ።

«ዛሬ።»

«ጠዋት ስገባ እኮ ሰላም እለዋለሁ። ዛሬ አናቶሚ አለን እለዋለሁ።» ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «አባባ ያውቃሉ?»

«አባቴ ፎቶ አይወድም፤ ታውቃለህ።»

እዝራ ቀና ብሎ አየኝ። የሆነ ነገር አፉ ላይ ደርሶ እንደመለሰው አስተዋልኩ። «እሺ እህት ራህማ» አለኝና ወደ ክፍሉ ሄደ።

ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው የወጡት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ በሩ አጠገብ፣ የአቶ ጉግሳ ዳስ ጥላ ውስጥ ቆሜያለሁ። አቶ ጉግሳ ሠራተኞቹ መሰላሉን ሦስተኛው ባነር ላይ ሲያስደግፉ አይተው «ኧረ ምንድነው?» ብለው ወጡ፤ ወደ እኔ አዩ፣ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ አዩ። ዓይናቸውን ተከትዬ አየሁ። ከወይዘሮ አሰገደች ሕንፃ ሥር፣ ከአዲሶቹ አግዳሚ ወንበሮች አንዱ ላይ አባቴ ተቀምጧል። ነጭ ኮፍያውን አድርጓል፣ ጃኬቱን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጧል፤ አጠገቡ ግማሹ የተጠጣ የውሃ ፕላስቲክ አለ። ቦታውን የለመደ ሰው አቀማመጥ ነው። «በየቀኑ ነው የሚመጡ» አሉኝ አቶ ጉግሳ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሲቆፈር ጊዜ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። ያ እዝራ የሚሉት ልጅ ከክፍል ሲወጣ አጠገባቸው ይቀመጣል። የሚያወሩት ነገር የለም፤ ዝም ብለው ያያሉ። ለእህቱ እንዳትነግሩብኝ ብለውናል፣ ታዝንብኛለች አሉ።»

ከላይ ያለው ሠራተኛ የመጀመሪያውን ገመድ ሲቆርጠው የባነሩ አንድ ጎን ወደቀና የሚስባህ ፊት ለሁለት ታጠፈ። አባቴ ብድግ አለ። ጃኬቱ መሬት ወደቀ። ግራና ቀኝ ሳያይ እጁን ወደ መኪናዎቹ ዘርግቶ አስፋልቱን መሻገር ጀመረ፤ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋበት፣ አንድ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ ሰደበው። መሀል ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ገመድ ተቆረጠ።

«ልጆች፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ ሲደርስ።

«እያወረድን ነዋ አባባ» አለው መሰላሉን የያዘው ሰው።

«ለምን እሱን ለብቻው?»

«እኛ ምን እናውቃለን። ቤተሰቡ ይውረድልን ብሎ ነው አሉን።»

«ቤተሰቡ» አለ አባቴ። ቃሉን እንደ ማያውቀው ቃል ደገመው። ከዚያ ዞረና አየኝ። የፈረምኩበት ፎርም ቅጂ እስካሁን እጄ ውስጥ ነበር።

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። «መንገዱ ተቆፍሯል ብለሽኝ አልነበር ራህሚ?» አለኝ።

«ተደፍኗል አባ» አልኩት።

ባነሩ ተፈትቶ ወርዶ መሬት ላይ ተዘረጋ። መንገደኞች እየዞሩት ያልፋሉ፤ አንዲት ልጅ ጫፉን ረግጣ «ይቅርታ» ብላ እግሯን አነሳች፣ ይቅርታ ያለችው ለሱ ይሁን ለኛ አላውቅም። አባቴ ጎንበስ ብሎ በመሀረቡ የሰባት ወር አቧራ ከፊቱ ላይ ጠረገ። ስለ ወይዘሮ አሰገደች ነገርኩት፤ ኮታ ስለተባለው፣ አገሩ ገባ ስለተባለው። ስለ ሲስተሙና ስለ አራቱ ምርጫዎችም ነገርኩት። «አንተም ፎቶ አትወድም ብዬ» አልኩት። እሱ ቀና ሳይል ነው የመለሰልኝ። «እኔ አልሰቀልኩትም» አለ። «እኔ ብሰቅለው ኖሮ ልክ አይደለም። ሰዎች ሰቅለውት ነው ያገኘሁት። ሰው የሰቀለውን አልፎ ሲሄድ ማየት ምን አለው ብዬ ነው።» ራሱን ሲከላከል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሕፃን ልጅ ጣፋጭ ሲበላ ተይዞ የሚናገረው ዓይነት ነበር ድምፁ፤ ያንን ድምፅ ነው እስከ ዛሬ መርሳት ያቃተኝ።

መሰላሉን የያዘው ሠራተኛ ሐዱሽ ይባላል። ነገሩ ሲገባው ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ኋላ እየፈራ ቀረበ። «አባባ፣ አይቆጡኝና» አለ፤ «ትወስዱታላችሁ? ካልወሰዳችሁት… የወረደውን ባነር እኛ ነን የምንወስደው። ቡልቡላ የተከራየኋት ቤት ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ በአንድ በኩል ተነቅሏል። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ላይ ነው የሚያፈሰው። የምትወስዱት ከሆነ ግን የናንተ ነው፣ ይቅር።»

«እንወስደዋለን» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ሱቄ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ አባ፣ ከጨርቆቹ ጋር። ስትፈልግ መጥተህ ታየዋለህ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «ወስደን ምን እናደርገዋለን? ብንሰቅለው አይሆንም። ጠቅልለን ጥግ ልናቆመው ነው?» ቡልቡላ የሚለው ስም ከሰባት ወር ወዲህ ፊቱ ተጠርቶ እንደማያውቅ እኔም እሱም እናውቃለን። «ቤትህ ከአስፋልቱ በየት በኩል ነው?» አለው ሐዱሽን። ሐዱሽ ነገረው፤ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ሲኖትራኮቹ አሸዋ ከሚያራግፉበት አለፍ ብሎ። አባቴ ቦታውን ያውቀዋል። ያቺን ቅዳሜ ማታ በእግሩ ሄዶ ያየው ቦታ ነው።

«ውሰደው» አለው። «ሰደቃ ይሁንለት።»

ከዚያ ሁለቱ ሆነው መጠቅለል ጀመሩ፤ እኔ ጠርዙን ያዝኩላቸው፤ ጨርቅ ስጠቀልል እንደኖርኩ እጄ በራሱ ያቃናው ነበር። ደረቱ ጋ ሲደርሱ ሐዱሽ ቆም አለና «አባባ፣ ምስሉን ወደ ላይ ላድርገው ወደ ታች?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ እንደ ከባድ የሃይማኖት ጥያቄ አሰበበት። «ወደ ታች አድርገው» አለ። «ፀሐይ አይብላው። ልጆችህም ሲተኙ ያዩታል፤ ማነው ብለው ከጠየቁህ ሚስባህ ይባላል በላቸው። ተማሪ ነበር በላቸው።»

ሐዱሽ ጥቅልሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ግቢው ገባ። እኔ መንገዱን ተሻግሬ የአባቴን ጃኬት አነሳሁለት፤ አንድ መንገደኛ አጥፎ አግዳሚው ላይ አስቀምጦት ነበር። ቀና ስል ወይዘሮ አሰገደች በረንዳቸው ላይ ቆመው እጃቸውን አወዛወዙልኝ፣ የመስኮቱን ልክ እንዳልረሳ ይሆናል። በታክሲ እስከ ጉርድ ሾላ ስንሄድ አባቴ በመስኮቱ ሲያይ ቆየ፤ እኔም በኔ በኩል አየሁ። መገናኛ ላይ ታክሲ ልንቀይር ስንወርድ እንደ ልጅነቴ እጄን ያዘኝ፤ ተሻግረን ስንጨርስ ለቀቀኝ።

የወይዘሮ አሰገደችን መጋረጃ ወፍራም አድርጌ ሰፍቼ በሳምንቱ ሰቀልኩላቸው። እየሰቀልኩ «ያ ረጅሙ ልጅ ወንድሜ ነበር፣ ሞቷል» አልኳቸው። ተቀመጡ። ብዙ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ አለቀሱም፤ ነገሩ እንዳሰብኩት ሆነ፣ ግን ዘግይቷል። መስኮቱ ላይ ቆሜ ሳይ የአጥሩ ሦስተኛ ቦታ ባዶ ነው፣ ከላይ የተቆረጡት ገመዶች ተንጠልጥለዋል። እዝራ በቦታው ፎቶ አልነሳም ማለቱን ሰምቻለሁ። ብሩክታይትም አንድ ጊዜ ደውላ ሲስተሙ ገና እንዳልተስተካከለ ነገረችኝ።

አባቴ ከዙህር በኋላ መውጣቱን ተወ። ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሚስማር ይመዝናል። እራት ላይ አሁንም ስለ ሲሚንቶና ስለ ውሃ ነው የምናወራው። ሰኔ ግም ካለ ወዲህ ግን ዝናቡ የኛን ቆርቆሮ መምታት ሲጀምር ማንኪያውን ያስቀምጥና ወደ ጣሪያው ቀና ይላል።

«ቡልቡላም ዘንቦ ይሆን?» ይለኛል።

«ዘንቦ ይሆናል አባ» እለዋለሁ።

ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሁለታችንም አንበላም።